ብዙ መተግበሪያ በአንድ ክላስተር፦ የውጭው ልማድና የአዲስ አበባ ሁኔታ

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ኩበርኔቲስ በኮንቴይነር የታሸጉ መተግበሪያዎችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያሰማራ፣ የወደቀውንም መልሶ የሚያስነሳ ሥርዓት ሲሆን፣ በአንድነት የሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ስብስብ ክላስተር ይባላል። በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ ቡድን ለሙከራም ሆነ ለመደበኛ አገልግሎት የየራሱን ክላስተር መከራየት አያስቸግረውም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የውጭ ኩባንያዎች የደመና ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል፣ በራስ ሰርቨር አንድ ክላስተር ተክሎ ብዙ መተግበሪያዎችን በዚያው ማስፈር ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ክላስተሩን የሚከፋፍለው ኔምስፔስና ለየክፍሉ የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ጣሪያ የሚያበጀው ኮታ የግድ ያስፈልጋሉ፤ አለበለዚያ በወር መጨረሻ የሚሠራው የደመወዝ ስሌት የደንበኞችን የክፍያ ገጽ ሊያንቀው ይችላል።

በውጭ አገር የተለመደው ጊትኦፕስ የትኛው መተግበሪያ፣ በየትኛው እትም፣ በስንት ቅጂ እንደሚሠራ በጊት ማከማቻ ጽፎ ማስቀመጥና በክላስተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም የተጻፈውን ካለው ጋር እያነጻጸረ እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ይህ አሠራር ለአገር ቤት ይበልጥ የሚጠቅም ይመስላል፤ ከውጭ ትእዛዝ እየላኩ ማሰማራት መስመር ሲቋረጥ መሐል መንገድ ላይ ሲቀር፣ እንደ አርጎ ሲዲ ያለው መሣሪያ ግን በየ3 ደቂቃው ገደማ የጊት ማከማቻውን ራሱ ስለሚጠይቅ፣ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ችግሩ ያለው ኮንቴይነሩ በሚነሳበት ጥቅል፣ በኢሜጁ ላይ ነው። የኢሜጁ እትም «ሌተስት» ከተባለ ወይም ጭራሽ ካልተጻፈ፣ ኩበርኔቲስ ሌላ መመሪያ እስካልተሰጠው ድረስ ኮንቴይነር ባስነሳ ቁጥር ሬጂስትሪውን፣ ማለትም የኢሜጆቹን ማከማቻ፣ ይጠይቃል፤ ማከማቻው ባሕር ማዶ ሆኖ ኢንተርኔት ከጠፋ፣ ኢሜጁ እዚያው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ሳለ መተግበሪያው መነሳት ያቅተውና «ኢሜጅ ፑል ባክ ኦፍ» የሚል ምልክት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በኢትዮጵያ ለሳምንታት የዘለቀው የኢንተርኔት መዘጋት ይህ ስጋት የሩቅ እንዳልሆነ ያሳየ ነው። ስለዚህ ውጭ ያለ ባለሙያ የማሰማሪያ ፋይሎቹን ለአገር ቤት ባልደረቦቹ ከማስተላለፉ በፊት፣ እትሙን በቁጥር ለይቶ መጻፍ፣ እንደ ሃርበር ያለ ሬጂስትሪም ከነጊት ማከማቻው በዚያው በአዲስ አበባ እንዲተከል ማድረግና የኢሜጆቹን አድራሻ ወደዚያ ማዞር ይኖርበታል።