የደም ሥር ሥዕልና የባኮው ሽማግሌ

የደም ቅዳ ሥር በውስጡ ስብ እየተጋገረበት ሲጠብ፥ ባለቤቱ ለብዙ ዘመን ምንም አይሰማውም። ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እጁ ወይም አንደበቱ ከታሰረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥሩን ሳይቀዱ ውስጡን ለማየት ሐኪሞች ብዙ ደክመዋል። ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በአንገት ሥር መድኃኒት አስገብቶ የአንጎልን ሥሮች በራጅ አሳየ። አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ደግሞ በ1973 ዓ.ም. በመግነጢስ ኃይል ሥዕል የሚገኝበትን መንገድ አወጣ፤ እርሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም በ2003 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤምአር አንጂዮግራፊ የሚባለው ምርመራ ከዚህ የተገኘ ነው። ራጅ የለበትም፤ በአንደኛው መንገድ መድኃኒት መውጋትም አያስፈልገውም። ይኸውም መሣሪያው በስፍራው የቆመውን ሥጋ ምልክቱን ደጋግሞ ሲያደክመው፥ አዲስ የሚገባው ደም ገና ያልደከመ ስለ ሆነ አብርቶ ይታያል። እንግዲህ የምናየው የደሙን ጉዞ እንጂ የሥሩን ግድግዳ አይደለም። ለቅኔ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ሰሙ የደሙ መሄድ፥ ወርቁ የሥሩ ስፋት ነው። ደሙ በጠባቡ ስፍራ ሲታወክ ብርሃኑ ይደበዝዛልና፥ ጥበቱ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። ሰሙን ብቻ ያነበበ ሰው ያልተዘጋውን ተዘግቷል ይላል።

ይህም ቀላል ስሕተት አይደለም። በአንገት ሥር ጥበት ምክንያት ታሞ ለዳነ ሰው፥ ጥበቱ ከመቶ 70 እጅና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀዶ ሕክምና እንደሚጠቅም በ1991 ዓ.ም. የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት አሳይቷል፤ ከ50 በታች ለሆነው ግን እንደማይጠቅም በ1998 ዓ.ም. ታውቋል።

አንድ የባኮ ዘመዴ፥ አንደበታቸው ለጥቂት ጊዜ ታስሮ የተፈታላቸው ሽማግሌ፥ በጌዶና በአምቦ አልፈው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ተመረመሩ። የአንገታቸውን መስቀል በውጭ አኖሩ፤ ወደዚያ ክፍል ብረት አይገባምና። ጥበቱ መካከለኛ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣቸው፥ በዓመቱም እንዲመለሱ ታዘዙ። በዓመቱ ሲመለሱ ሁለተኛው ሐኪም የፊተኛውን ሥዕል ጠየቀ። ሲዲውን ግን ልጆች ወፍ ይከላከልልናል ብለው በበቆሎው ማሳ ሰቅለውት፥ ፀሐይና ዝናብ አበላሽተውት ነበር። ወረቀቱም «መካከለኛ» ይላል እንጂ ቍጥር የለበትም።

«እንግዲያው መድኃኒቱ ሠራልኝ ወይስ አልሠራልኝም?» ቢሉ፥ ሐኪሙ መልስ አልነበረውም። አንድ ሥዕል የዛሬውን ጥበት ይናገራል፤ መጨመሩንና መቆሙን የሚናገሩት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሥዕሎች ናቸው፤ እነርሱም በአንድ ዓይነት መንገድ የተነሡ ቢሆኑ ይመረጣል። በበኩሌ የልጆቹን ጥፋት አላከብደውም፤ ሲዲው ምን እንደ ሆነ የነገራቸው አልነበረምና። ጥበቱን በቍጥር ያልጻፈው ሰው ግን ምን ምክንያት እንደሚሰጥ አላውቅም። አንባቢ ሆይ፥ ለዚህ ምርመራ ዘመድ ብታደርስ ቍጥሩን በወረቀት ሳታስጽፍ አትውጣ።

አዲሱ ሲዲ አሁን ከግብሩ ደረሰኝ ጋር በሣጥን ተቈልፏል። ቀጠሮው ለኅዳር ነው።