የጠፋችው ዜሮ

ይሄ ፖስት በተለይ ሞባይል አፕ ላስተማርኳችሁ ልጆች ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፣ ነገሩ ገንዘብ አለበት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ላለች ባለሱቅ የዕቃና የዋጋ መመዝገቢያ አፕ ሠርቶላት ነበር። አዲስ የተቀጠረው ልጅ የ1250 ብር የጆሮ ማዳመጫ በ125 ሸጠ። ያውም ሦስት። ባለሱቋ ኪሳራውን፣ 3375 ብር፣ ከቀሪ ክፍያህ ላይ እቆርጣለሁ ብላዋለች።

"ቲቸር፣ የተመዘገበው 1250 ነው። አይቼዋለሁ።"

እኔ ምን አልኩት? "ስልኩ ነው የሚሆነው።"

አብረን ሄድን። ስልኩ ምንም አልሆነም። ባለሱቋ ዓይኗ ስለደከመ ፎንቱን አተልቃዋለች፣ በቃ። ፎንቱ ሲተልቅ "ብር 1250" የሚለው ጽሑፍ ወደ ቀኝ ተገፍቶ የመጨረሻዋ ዜሮ ከስክሪኑ ወጥታለች። ልጁ ያየው 125 ነው። በእሱ አልፈርድም።

ኮድ ለማታውቁ ላስረዳ። አፑ የተሠራው በፍላተር ነው፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ 1.0 ብሎ ያወጣው። እሱ ላይ ስክሪን ማለት ዊጀት ውስጥ ዊጀት፣ እሱም ውስጥ ሌላ ዊጀት ነው። ስካፎልድ ውስጥ ዝርዝር፣ ዝርዝሩ ውስጥ ፓዲንግ፣ ፓዲንጉ ውስጥ ሮው፣ ሮው ውስጥ የዕቃው ስምና ዋጋው። ወላጁ "ከዚህ እስከዚህ ቦታ አለህ" ይላል፣ ልጁ በዚያ ውስጥ መጠኑን መርጦ ይመልሳል፣ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ወላጁ ይወስናል።

ሮው ግን የባጃጅ የኋላ ወንበር ነው። ቀድሞ የገባው ተንሰራፍቶ ከተቀመጠ የመጨረሻው ሰው ግማሽ ጎኑ ውጭ ነው። ውጭ የቀረችው የኛ ዜሮ ናት።

ተማሪዬ ላፕቶፑን ከፈተ። የዕቃው ስም ሳጥን ውስጥ ታስሯል፣ ወርዱ 240።

240! ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የኔ ነው። ክፍል ውስጥ ረጅም የአማርኛ ስም መስመሩን ሲያበላሽብን "240 ስጡትና እለፉ" ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ለምን 240? ስልኬ ላይ ስላማረ። ስንቶቻችሁ እንደገለበጣችሁት እግዜር ይወቀው።

ደግሞ ዕቃ ሲተርፍ የሚወጣው ቢጫና ጥቁር ሸንተረር የሚታየው እኛ ስንሠራ ብቻ ነው። ለደንበኛ በሚሰጠው አፕ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ዝም ብሎ ይቆረጣል።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሳጥኑን አነሳን፣ ስሙን በኤክስፓንድድ ጠቀለልን። አሁን ሮው ቀድሞ ዋጋውን ይለካል፣ የተረፈውን ቦታ ለስሙ ይሰጣል። ስሙ ከረዘመ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል። ይውረድ፣ ስም ቢታጠፍ ማንም አይከስርም።

ለባለሱቋ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳት። ድሬ አይደለች፣ አንቱ ብሎ ነገር የለም።

"አንተ ነህ ያስተማርከው?"

"እኔ ነኝ።"

"በል እንግዲያው አንተ ክፈል።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ግማሹን እኔ ልከፍል ተስማማን፣ ተማሪዬ ሙሉ ክፍያውን ሊወስድ፣ ሌላውን ግማሽ እሷ ልትችል። ግን ወዲያው አልከፈለችም። ስልኩን ተቀብላ ፎንቱን እስከ መጨረሻው አተለቀችው፣ መነጽሯን አደረገችና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ እኛ ደጅ ላይ ቆመን እንጠብቃለን።

"ይሄኛውስ?" አለች ከውስጥ።

"ሰርዝ" የሚለው ቁልፍ ላይ "ሰር" ብቻ ነው የሚታየው። ወርዱን ስናየው 80። እሱንም ያስተማርኳችሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዛሬ ማታ የየራሳችሁን አፕ ክፈቱ፣ የስልካችሁን ፎንት አተልቁና እዩ። ያልገባችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ኤክስፓንድዱን አብረን እንጠቀልላለን።