ያዘገየነው አማና



ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የሄድንበትን አገር ለማስተዋወቅ ሳይሆን በራሳችን ላይ ለመመስከር ነው። ባልና ሚስት መምህራን ነን፤ ኑሯችንም ወሎ ውስጥ ነው። በልጅነታችን ጧት መድረሳ ቁርኣን ቀርተን፣ ከዚያ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየሮጥን ነው ያደግነው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ፣ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጅቡቲ በትራንዚተርነት የሚሠራው ታላቅ ወንድማችን ለሥራ ኮምቦልቻ መጥቶ ነበርና፣ «በተጋባችሁ በአሥር ዓመታችሁ እንኳ ባሕር እዩ እንጂ!» ብሎ በመኪናው ይዞን ወረደ። ስጦታው በዚህ አላበቃም። በአንድ ትልቅ የባሕር ዳር ሆቴል የሁለት ሌሊት ክፍል ከነምግቡ፣ ከነስፓው ከፍሎልን ኖሯል።

ልንነሳ ስንል ማታ የአንድ ተማሪያችን እናት ቤታችን መጥተው ነበር። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍልን ጀምሮ ሳይጨርስ፣ በኅዳር ወር ከጓደኞቹ ጋር «ወደ ሳዑዲ» ብሎ ጠፍቷል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከጅቡቲ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የደወለበትን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት አስጽፈው፣ «ወንድም ዓለሜ፣ እህት ዓለሜ፣ ወሬውን ብቻ አምጡልኝ፤ አማና!» አሉን። እኛም «አብሽሩ፣ ኢንሻአላህ እንደገባን እንጠይቃለን» ብለን ወረቀቱን ተቀበልን።

እውነቱን ለመናገር ሆቴሉ ያስደነግጥ ነበር። ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ከበሩ ስንገባ የተቀበለን ቀዝቃዛ አየር የመንገዱን ሐሩር በአንዴ አስረሳን። ወንድማችን «ቁጥሩን አሁኑኑ እንደውል?» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። ያቺን ሁለት ቀን በሐሳብ ልናበላሻት አልፈለግንም። «እንደገባን» ያልነውን «ከሆቴሉ ስንወጣ» አልነው። አማና ብዙ ጊዜ የሚጎድለው በእምቢታ ሳይሆን በቀጠሮ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልንም።

መዋኛው ወንድና ሴት የሚቀላቀልበት ስለነበር አልፈነው ሄድን። ስፓው ግን የሴቱና የወንዱ ለየብቻ መሆኑን፣ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ እንደሚያስተናግድ ጠይቀን ካረጋገጥን በኋላ ዐውራችንን ሸፍነን ሞሮኮ ባዝ ገባን። በዚያ እንፋሎት ውስጥ የስንት ዓመት የጠመኔ አቧራ ከላባችን ጋር የወጣ መሰለን። ለእራት የቀረበልን ሜኑ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር። አስተናጋጁን ከመድረሳ በቀረችን ዓረብኛ «ሶሱ ውስጥ ወይን ጠጅ ይገባል?» ብለን ጠየቅነው። በሁለቱ ምግቦች እንደሚገባ በቅንነት ነገረን፤ በሎሚ ብቻ የተሠራ ዓሣ መርጠን በላን። ሐራም ላለመንካት ይህን ያህል ስንጠነቀቅ፣ ኪሳችን ውስጥ የነበረችው ወረቀት ትዝ አላለችንም።

ዒሻ ለመስገድ ስንነሳ በክፍሉ ጣራ ላይ ያለው የቂብላ ምልክት ወደ መስኮቱ፣ ወደ ባሕሩ አመለከተን። ከጅቡቲ ከተማ መካ በስተሰሜን ናትና ሰጋጁ ፊቱን ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያዞራል። ከቂብላው ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ልጆቻችን ወደ የመን የሚሳፈሩባት ኦቦክ አለች። ከእሷ አለፍ ሲል ባብ ኤል መንደብ። ይህን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ስለነዋል! እ.ኤ.አ. በ615 ሶሐቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ፍትሕ ፍለጋ ወደ ሐበሻ እንደመጡም ለተማሪዎቻችን በኩራት ተርከናል። ያን ሌሊት ግን ሰግደን፣ መጋረጃውን ዘግተን ተኛን።

በነጋታው ቁርስ በቡፌ ነበር። ዓይናችን ከሆዳችን ቀድሞ ሳህኑን ሞላነው፤ እኩሌታውንም ተውነው። ሳህኑን ልታነሳ የመጣችው ልጅ አማርኛችንን ሰምታ ፊቷ በራ።

«ከየት ናችሁ ጋሼ?»

«ከወሎ።»

«ልጅ ፍለጋ ነው የመጣችሁት?»

ለክፋት አልነበረም የጠየቀችው። ከዚያ የሚመጣ ብዙ ሰው ለዚህ ጉዳይ ስለሚመጣ ነው። ምን ብለን እንመልስ? «አዎ» እንዳንል ውሸት ነው፤ «አይ» እንዳንል ወረቀቱ ኪሳችን ውስጥ አለ። «የተረፈውስ ምን ይደረጋል?» አልናት ወሬ ለማስለወጥ። «ይደፋል» ብላ ሳህኑን ይዛ ሄደች። ምግቡ ሐላል ነበር፤ ኢስራፍ ያደረገው እጅ የእኛ ነው።

ሁለተኛውን ሌሊት ሳናድር ወጣን። ቁጥሩ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ሻይ ሻጭ ሆኖ ተገኘ፤ መንገደኞች ልጆች ከእሷ ስልክ ተውሰው ቤተሰባቸው ዘንድ ይደውላሉ። የልጁን መልክ ስንነግራት አወቀችው። «ወይኔ ጋሼ! ኦቦክ አብረውት የነበሩ፣ ጀልባ ሲሳፈር ያዩት ሁለት ልጆች ትናንት ማታ እዚህ ነበሩ። ዛሬ ጧት መኪና አግኝተው ወደ አገራቸው ሄዱ» አለችን።

ትናንት ማታ! እኛ ስለ ሶሱ ስንጠያየቅ ማለት ነው።

የቀረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሱም የእኛው ተማሪ ነበር፤ እግሩ አብጦ ከታጁራ የተመለሰ። ከመክሳቱ የተነሳ መጀመሪያ አላወቅነውም፤ «ቲቸር» ሲለን ነው ያወቅነው። ወደ አንድ የየመን ዓሣ ቤት ወሰድነው። ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ ከስስ ቂጣ ጋር ቀረበ። ልጁ አጥንቱን አጽድቶ፣ የቂጣውን ፍርፋሪ ለቅሞ ጨረሰ። ምግብን አሟጦ መብላት ሱና መሆኑን ያስተማርነው እኛ ነበርን። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ ባብ ኤል መንደብ ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብላችሁን አልነበር? ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትታለፋለች ተባብለን እኮ ነው የወጣነው» አለን።

ወላሂ፣ ከዚህ የከበደ ቃል ከተማሪ ሰምተን አናውቅም። ስፋቱን አስተምረናል፤ ትርጉሙን ግን አላስተማርንም። ዓረቦች ያንን ስፍራ የለቅሶ በር፣ የሙሾ በር ያሉት በከንቱ አልነበረም።

ያን ልጅ በወንድማችን እርዳታ ይዘነው ተመለስን። ለእናቲቱ ግን ያደረስነው ግማሽ ወሬ ነው፦ ኦቦክ ደርሷል፣ ተሳፍሯል። ዘግይተን መጠየቃችንንም ሳንደብቅ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «አላህ ያለው ነው» አሉን። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ኢትዮጵያውያንን ከየመን የሚመልሱ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ በተከታታይ ሰጥመው ብዙዎች ሲያልቁ፣ የእኚያን እናት ደጃፍ ማለፍ አቃተን። ልጁ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አልደወለም።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ጥሩ ክፍል ውስጥ ማደርም፣ ጥሩ ምግብ መብላትም ሐላል እስከሆነ ድረስ የአላህ (ሱ.ወ.) ኒዕማ ነው፤ ሐራም አናደርገውም። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሌን ምንጣፍ ጎናቸው ላይ ምልክት አውጥቶ ባያቸው ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) አልቅሰው ነበር፤ ረሱል ግን ዱንያው ለሌሎች፣ አኼራው ለእኛ ቢሆን አትወድምን ብለው አጽናኗቸው። ሱረቱ አት-ተካሡር የምትደመደመውም ስለ ኒዕማ እንደምንጠየቅ በማስጠንቀቅ ነው። እኛ ስለዚያች ሌሊት የምንጠየቀው፣ አልጋው ለስላሳ ስለነበር ሳይሆን ተኝተን ምን እንዳስተኛን ይመስለናል።

አሁን ክፍል ገብተን ያንን ካርታ ስንስል ስፋቱን በቁጥር፣ ስሙን ከነትርጉሙ እንጽፋለን። አደራ ሲሰጠንም «እንደገባን» ያልነውን እንደገባን እናደርሳለን።

አላህ የጠፉትን ለእናቶቻቸው ይመልስ፤ በባሕር ያለቁትንም ይማራቸው። ለእኛም ኒዕማ ላይ ስንሆን የማይተኛ ልብ ይስጠን። አሚን።