የተዘጉት ስድስት በሮች

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በስድስት ቤተሰቦች ላይ በሐሰት መሰከርኩ። የመሰከርኩት በእስክሪብቶ ነው። ማንም አላየኝም። በዚያው ዕለት ማታ ፌሎሺፕ ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ዘመርኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤታችን ልማድ ልንገራችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የከተማዋ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ኮሌጅ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የጤና ኢንስቲትዩቱ ከዚያ በፊት ጀምሮ የያዘው አንድ እምነት ነበር፤ ተማሪ ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ከሕዝቡም መማር አለበት የሚል። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር።

ጅማ ላይ እኛ ተማሪዎች ይህን ሥራ “ሲቢቲፒ” እያልን እንጠራዋለን። ተማሪዎች በቡድን ሆነን በከተማው ወይም በአቅራቢያው ወዳሉ ቀበሌዎች ለጥቂት ሳምንታት እንመደባለን። መጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞርን እንጠይቃለን። ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት? ቆሻሻ የት ትጥላላችሁ? መጸዳጃ ቤት አላችሁ? ልጆቹ ተከትበዋል? ከዚያ መልሱን ደምረን ችግሮቹን በቅደም ተከተል ለቀበሌው አስተዳደርና ለነዋሪው እናቀርባለን። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ከነዋሪው ጋር ሆነን ከችግሮቹ ለአንዳንዱ መፍትሔ እንሞክራለን፤ ምን እንደተለወጠም እንገመግማለን።

ሁሉንም ቤት መጠየቅ ስለማይቻል ቤቶቹ በዕጣ ይመረጣሉ። መምህራችን ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮን ነበር። “ዕጣ የወጣለት ቤት ተዘግቶ ብታገኙት ጎረቤቱን ጠይቃችሁ እንዳትመጡ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ካጣችኋቸው ‘አልተገኙም’ ብላችሁ ጻፉ።” ይህን የምርምር ደንብ ያኔ እንደ ወግ አጥባቂነት ቆጠርኩት። አንዱ ቤት ከሌላው በምን ይለያል?

የእኔ ድርሻ 24 ቤት ነበር። አሥራ ስምንቱን በአራት ቀን ጨረስኩ። ኦሮምኛ ስለማልችል በአንዳንዱ ቤት የቡድናችን ልጅ እያስተረጎመልኝ ነው የጠየቅኩት። አንዲት አረጋዊት ሙስሊም እናት ቡና ካላፈላሁ አልመልስም ብለው አስቀመጡኝ። ሲኒውን እየሰጡኝም፣ “ልጄ፣ ከዚህ በፊትም እንዳንተ ያሉ ልጆች መጥተው ጽፈው ሄደዋል። የጻፉት የት ደረሰ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በመጠይቁ ላይም ለእሳቸው ጥያቄ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

የቀሩት ስድስት ቤቶች ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ተደርድረው የተሠሩ ነበሩ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ፤ ሁሉም ተዘግተዋል። በሦስተኛው ቀን ቅጾቹን በማግሥቱ ጠዋት ማስረከብ ነበረብን፤ በ11 ሰዓት ደግሞ የመዘምራን ልምምድ ነበረኝ። ልምምድ ላይ አርፍጄ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ሰዓቴን አየሁና ከመንገዱ ራስ ያለ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስድስቱን ቅጾች በራሴ ሞላኋቸው። ውኃ፦ ቧንቧ። መጸዳጃ ቤት፦ የራስ። ቆሻሻ፦ ጉድጓድ። እንዳይታወቅብኝ የቤተሰቡን ቁጥር አንዱ ላይ አራት፣ አንዱ ላይ ስድስት፣ አንዱ ላይ አምስት አደረግኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ቁጥር ማለዋወጤ ነው። በድካም እንዳልሳትኩ፣ አስቤበት እንዳደረግኩት ይመሰክርብኛል።

ከዚያ ሮጬ ሄጄ ልምምዱ ላይ በሰዓቱ ደረስኩ።

ከሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ ውጤቱን በቀበሌው አዳራሽ አቀረብን። በትልልቅ ወረቀት ላይ የሠራነውን ግራፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የቡድናችን ተጠሪ በቀጠናው ቅድሚያ የሚያስፈልገው የደረቅ ቆሻሻ ጉዳይ መሆኑን፣ የመጸዳጃ ቤት ችግር ግን ያን ያህል እንዳልሆነ አስረዳ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ልብሷ ላይ ሲሚንቶ ነበረበት፤ የቀን ሥራዋን አቋርጣ የመጣች ትመስላለች።

“ወንዙ ዳር ያለነውን ጠይቃችኋል?” አለች።

ተጠሪያችን ዝርዝሩን አየና በሙሉ ልብ፣ “አዎ፣ ስድስት ቤቶች ተጠይቀዋል” አላት። የቤት ቁጥሮቹንም አነበበላት።

“የመጨረሻው ቁጥር የእኔ ቤት ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?”

አዳራሹ ሳቀ። ሰዎቹ የሳቁት እሷ የረሳች መስሏቸው ነበር። እሷም ሳቁን ሰምታ ዝም ብላ ተቀመጠች። ግራፉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ አንድ ቃልም አልተነፈስኩ።

ሁለት ሌሊት መተኛት አቃተኝ። ጸለይኩ፤ ጸሎቴ ግን ይቅር በለኝ ከማለት አያልፍም ነበር። ይቅርታውን ከእግዚአብሔር ዘንድ ብቻ ጨርሼ ያቺን ሴት እንደተሳቀባት ልተዋት ፈልጌ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ መምህራችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ስድስቱን ቅጾች ከጥቅሉ ውስጥ አውጥቶ በላያቸው ላይ መስመር አሰመረባቸው፤ ስድስት ባዶ ቅጽ ሰጠኝና፣ “ማታ ሂድ” አለኝ። ውጤቱ እንደ አዲስ መደመር ስለነበረበት የቡድኔ ልጆች ከእኔ ጋር ሁለት ሌሊት አመሹ። አንዱ ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። እውነቱን ነበር።

አስተርጓሚ ጓደኛዬን ይዤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ወንዙ ወረድን። ስድስቱም በሮች ክፍት ነበሩ።

በሮቹ ቀን ቀን የሚዘጉት በአጋጣሚ አልነበረም። በእነዚያ ቤቶች የሚኖሩት በጠዋት ወጥተው ሲመሽ የሚገቡ የቀን ሠራተኞች፣ ተሸካሚዎችና ልብስ አጣቢዎች ነበሩ። ቀን ቤቷ ተቀምጣ የምትጠብቀኝማ ቢያንስ ለዛሬ የምትበላው ያላት ናት። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚዞር ጠያቂ ሳያውቀው ድሆቹን ከቁጥር ያወጣል። መምህራችን ጎረቤቱን አትጠይቁ ያለን ለዚህ ነበር።

ከስድስቱ ቤቶች አምስቱ በጆንያ የተከለለች አንዲት ጉድጓድ ይጋሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ጉድጓዷ ትሞላለች፤ ሰዉም ወደ ወንዙ ይሄዳል። አዳራሽ ውስጥ የተሳቀባትን ሴት ይቅርታ ጠየቅኋት። “እሺ፣ አሁን የምትጽፈውን እያነበብክልኝ ጻፍ” አለችኝ። እያንዳንዱን መልስ ጽፌ አነበብኩላት። አንድ ቦታ ላይ አቋረጠችኝ። “‘አንዳንዴ’ አላልኩም። በክረምት ሁልጊዜ ነው። እንደዚያ በል።” ሰርዤ እንዳለችው ጻፍኩ።

በተስተካከለው ሪፖርት የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ወደ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ቀበሌው ቦታ ሰጠ፤ ነዋሪዎቹ ጉድጓዱን ቆፈሩ፤ እኛ ተማሪዎች ለቆርቆሮና ለእንጨት ገንዘብ አሰባስበን ጉልበታችንንም ጨመርን። የመንገዱ ችግር ሁሉ ተፈታ አልልም፤ ለልብስ ማጠቢያ ውኃ የሚቀዳው አሁንም ከወንዙ ነበር። ቡና ያፈሉልኝን እናት ግን ሄጄ የጻፍነው የት እንደደረሰ ነገርኳቸው። እንደገና ቡና አፈሉ።

ወገኖቼ፣ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰው በሌለበት ስለ ሰው ኑሮ መጻፍም ምስክርነት እንደሆነ ግን ከዚያች መንገድ በፊት አላሰብኩም። ያንን ሰው የማያውቅ ባለሥልጣን የሚወስነው በእኔ ቃል ተማምኖ ነው። ሰውየው ሊያስተባብል ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ከተሳቀበት፣ የእኔ ቃል እውነት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ የነህምያን ታሪክ የማነበው በሌላ ዓይን ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ቅጥሩ ስለተሠራበት ትጋት ነው። ነህምያ ግን ኢየሩሳሌም ሲደርስ ወዲያው እንሥራ አላለም። ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ እያየ ዞረ፤ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ። ሰዎቹን ለሥራ የጠራው ይህን ካየ በኋላ ነው። ሥራው ሲጀመርም ብዙዎቹ የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነበር። ከሕዝቡ ጋር መሥራት ከምርምሩ ጀምሮ እንዲህ ይመስለኛል።

ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ልጆቼ በሰፈራችን ላሉ ችግረኛ ተማሪዎች ደብተር ገዝተው ለማከፋፈል ተነሡ። “ማንን ጠይቃችሁ?” አልኳቸው። ተያዩ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ በምሽት፣ ወላጆች ቤት ሲገቡ ሄደው ጠየቁ። ብዙዎቹ ወላጆች ደብተሩን አልጠሉም፤ አስቀድመው ያነሡት ግን ልጆቻቸው ማታ የሚያጠኑበት ቦታና መብራት ማጣታቸውን ነበር። የሰንበት ትምህርት ክፍላችን በሳምንቱ ቀናት ማታ ተቆልፎ ነበር የሚውለው። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ መጠይቅ ይዛችሁ የሰው ደጅ የምትቆሙበት ቀን ይመጣል። የምትቸኩሉበት ምክንያትም አይጠፋም፤ እንደ እኔ መንፈሳዊ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በሩ ከተዘጋ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። ተመላልሳችሁ ካጣችኋቸው ደግሞ “አልተገኙም” ብላችሁ ጻፉ። ቢያንስ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ፣ ያልተንኳኳ በር መኖሩን አውቆ ማታ ይሄዳል።