ከዴዴሳ ማዶ

ዕድሜያችን ከሠላሳ ካለፈ በኋላ እንደ ገና ደብተር ይዘን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ያዩን ወዳጆቻችን፥ ግማሾቹ መረቁን፤ ግማሾቹም ሳቁብን። እኛ በነቀምቴ ከተማ በመዝገብ ቤት ሥራ የምንተዳደር፥ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ የመንግሥት ሠራተኛ ነን። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር ኑሮ ወደ መዝገብ ቤት እንጂ ወደዚያ አልመራንም። አሁን ግን ቅዳሜና እሑድ በሚሰጠው የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት፥ ታናናሾቻችን ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንማራለን።

ከተማርናቸውም ትምህርቶች መካከል ሁለቱ ልባችንን ይዘውታል። አንደኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነው፤ ይኸውም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሥራውን ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል፥ ተራ የሚያስጠብቅ፥ የሜሞሪውንም ስፍራ የሚያድል የውስጥ አስተዳዳሪ ማለት ነው። ሁለተኛው ዲስትሪቢዩትድ ኮምፒዩቲንግ ይባላል፤ እርሱም በልዩ ልዩ ስፍራ ያሉ ኮምፒዩተሮች መልእክት እየተላላኩ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበትን ዘዴ ይመረምራል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወጣቶቹ ነገሩን እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበት በኦሮምኛ ነው፤ እኛም በደብተራችን ጠርዝ ላይ በአማርኛ እንጽፈዋለን። በሦስት ቋንቋ የተፈተገ ነገር ቶሎ አይረሳም።

የመጀመሪያው ትምህርት ብዙ አላስቸገረንም፤ ከመሥሪያ ቤት የምናውቀው ሆኖ አገኘነውና። ለምሳሌ ዴድሎክ የሚባለውን እንውሰድ። ኮፍማንና ባልደረቦቹ በ1971 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፥ ዴድሎክ የሚደርሰው አራት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ዕቃው በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ የሚሆን ሲሆን፥ ያዡ የያዘውን ሳይለቅ ሌላ የሚጠብቅ ሲሆን፥ የያዘውንም በግድ መንጠቅ የማይቻል ሲሆን፥ የሚጠባበቁትም ዞረው እንደ ቀለበት ሲገጥሙ ነው። መምህራችን ምሳሌ ያለው ይናገር ሲሉ እጃችንን አነሣን፤ «ማኅተሙን የያዘው ክፍል ፋይሉ ካልመጣልኝ አላትምም ይላል፤ ፋይሉን የያዘውም ማኅተሙ ካላረፈበት ፋይሉን አልለቅም ይላል፤ ባለጉዳዩም በረንዳ ላይ ቆሞ ነገ ይምጡ ይባላል» አልን። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ወጣት ዞር ብሎ «ጋሼ፥ ይህን ከመጽሐፉ አገኙት ወይስ ከቢሮዎ?» ብሎ ጠየቀን።

ሁለተኛው ትምህርት ግን እንዲህ በሳቅ አላለፈልንም።

አንድ ቅዳሜ መምህራችን በሰሌዳው ላይ ሁለት ኮረብታ ሣሉ፤ በመካከላቸውም ሸለቆ አደረጉ። ይህ የሁለቱ ጄኔራሎች ምሳሌ ይባላል፤ በዚህም ስም እንዲታወቅ ያደረገው በ1978 እ.ኤ.አ. ጂም ግሬይ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ሁለት ወዳጅ ጦሮች በሁለት ኮረብታ ላይ ሰፍረዋል፤ ጠላት በሸለቆው ውስጥ አለ። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ከወረዱ ያሸንፋሉ፤ አንዱ ብቻውን ከወረደ ግን ይጠፋል። የሚነጋገሩትም በሸለቆው በኩል በሚያልፍ መልእክተኛ ብቻ ነው፤ እርሱም ሊያዝ ይችላል። አንደኛው «ነገ ጎሕ ሲቀድ እንውረድ» ብሎ ይልካል፤ መልእክቱ መድረሱን ግን አያውቅም። ሁለተኛው «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ መድረሱን ደግሞ እርሱ አያውቅም። መልሱ መድረሱን የሚያስታውቅ ሌላ መልእክተኛ ቢላክ፥ የእርሱም መድረስ እንደዚያው ያጠራጥራል። የፈለገውን ያህል መልእክተኛ ቢመላለስ ሁለቱ ጄኔራሎች በአንድነት እርግጠኛ የሚሆኑበት ጊዜ እንደማይመጣ በሒሳብ ተረጋግጧል።

ወጣቶቹ ይህን እንደ እንቆቅልሽ ሰምተው ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። ለእኛ ግን አንደኛው ኮረብታ ነቀምቴ፥ ሁለተኛው ጊምቢ ሆኖ ታየን። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እንደ ገና ወደ ጊምቢ ደጋ ይወጣል። እኛም በዚያ ሸለቆ መልእክተኛ የላክንበት ጊዜ ነበር።

ከታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት ወር ድረስ በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በነቀምቴ ኢንተርኔት ባይኖርም የተንቀሳቃሽ ስልክ ይሠራ ስለ ነበረ፥ እኛ በከተማችን እርስ በርሳችን እንነጋገር ነበር፤ ጊምቢ፥ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ግን ቢጠሩ የማይሰሙ ሆኑ። የዘመድ ወሬ በአውቶቡስ ተሳፋሪ አፍ ይመጣ ነበር።

በዚያን ጊዜ እንሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት፥ በጊምቢ ቅርንጫፍ የነበሩ አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ወጥተው መደቡ ክፍት ሆነ። በሻምቡ ቅርንጫፍ የሚሠሩ አንዲት ወይዘሮም፥ ባለቤታቸው በጊምቢ ስለሚኖሩ ወደዚያ እንዲዛወሩ ካመለከቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አለቃችን «በመደቡ ላይ ሌላ ሐሳብ እንዳላቸው ጊምቢን ጠይቁ» አሉን። ደብዳቤውን አርቅቀን፥ በወጪ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥተን፥ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር አደራ ብለን ሰጠነው። ዐሥራ አምስት ቀን ጠበቅን፤ መልስ አልመጣም። ያን ጊዜ ወደ አለቃችን ገብተን «ሐሳብ ቢኖራቸው በጻፉ ነበር፤ ዝም ያሉት ተስማምተው ነው» ብለን ያስረዳን እኛው ነን። የዝውውሩ ደብዳቤ በየካቲት 3 ቀን ተፈርሞ ወጣ።

የጊምቢ ቅርንጫፍ ደግሞ በበኩሉ ሥራው ሲቆምበት ጊዜ፥ ከነቀምቴ የሚሰማ ነገር ባለመኖሩ፥ በጊዜያዊነት ያገለግል የነበረን አንድ ወጣት በየካቲት 5 ቀን በዚያው መደብ ላይ መድቦታል። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ሳይደርስ ቀርቶ ይሁን፥ መልሱ በመንገድ ጠፍቶ ይሁን፥ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮዋ በመጋቢት ወር ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው፥ የቤት ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ጊምቢ ደረሱ። ወጣቱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኙት። መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ነገሩ ወደ ነቀምቴ መጣ፤ ሁለቱም ተጠሩ። በስብሰባው ላይ የደብዳቤዎቹ ቀን እንዲታይ ሐሳብ ያቀረብን እኛ ነበርን። የእኛው በሁለት ቀን ይቀድማል፤ እንግዲያስ ቀድሞ የተጻፈው ይጽና ተባለ። ከአንድ ወር በላይ በትጋት የሠራው ወጣት ከመደቡ ተነሣ፤ የቀድሞው ጊዜያዊ ሥራውም በሌላ ሰው ተይዞ ነበርና ወደዚያ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «የእናንተን ደብዳቤ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ያላየሁት ደብዳቤ እንዴት ይቀድመኛል?» አለ። እኛም የቀን መቁጠሪያ ለማንም አያዳላም ብለን መለስንለት። ያን ጊዜ ጥሩ መልስ መስሎን ነበር።

ሌስሊ ላምፖርት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ጊዜና ስለ ሰዓት ያሳተመውን ጽሑፍ መምህራችን ሲተረጉሙልን፥ ወጣቱ ከፊታችን የቆመ መሰለን። የላምፖርት ነገር እንዲህ ነው። በተለያየ ስፍራ ያሉ ኮምፒዩተሮች ሰዓታቸው ፍጹም አይስማማም፤ ስለዚህ ከሁለት ድርጊቶች የትኛው እንደ ቀደመ በሰዓት ብቻ መፍረድ አይገባም። አንዱ ሌላውን ቀደመ ማለት የሚቻለው፥ የአንዱ ወሬ በመልእክት ወደ ሌላው ደርሶ እንደ ሆነ ነው። ወሬያቸው ያልተገናኘ ሁለት ድርጊቶች ግን ቀዳሚና ተከታይ የላቸውም፤ ጎን ለጎን ናቸው። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ማስከተል ይቻላል፤ ይህ ግን አስቀድሞ በስምምነት የተቆረጠ ደንብ ነው እንጂ የነገሩ እውነት አይደለም። ስለዚህም እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለድርጊቶቹ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ከሌላ ዘንድ ከፍ ያለ ቁጥር የያዘ መልእክት ሲደርሰው የራሱን ቁጥር ከዚያ በላይ ያደርጋል።

ይህን ስንሰማ አፍረናል፤ ዘዴው ዕለት ዕለት በእጃችን ያለ ነበርና። ወጪ ቁጥርና ገቢ ቁጥር፥ «በቁጥር ይህን ያህል፥ በቀን ይህን ያህል ለጻፋችሁልን ደብዳቤ» የምንለው አርእስት ሌላ ምንድር ነው? መልስ ሰጪው የጠያቂውን ቁጥር የሚጠቅሰው አይቼዋለሁ፥ ከእርሱም በኋላ ነኝ ለማለት ነው። የጊምቢ ደብዳቤ የእኛን ቁጥር አልጠቀሰም፤ የእኛም የእነርሱን አልጠቀሰም። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። የሁለት ቀን ልዩነቱን እንደ እውነት ያቀረብነው፥ ደንቡንም ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ የፈጠርነው እኛ ነን።

ፊሸር፥ ሊንችና ፓተርሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፥ መልእክት የሚዘገይበት ጊዜ ወሰን ከሌለውና አንድ ኮምፒዩተር እንኳ ሊቆም የሚችል ከሆነ፥ ሁልጊዜ በእርግጥ ወደ ስምምነት የሚያደርስ ዘዴ አይገኝም፤ ዝም ያለው ሞቶ ይሁን ወይም ዘግይቶ ይሁን መለየት አይቻልምና። በሥራ ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮች ይህን ያህል ጠብቄ ካልመለሰልኝ እንደ ሞተ እቆጥረዋለሁ ይላሉ፤ ይኸውም ግምት መሆኑን ያውቃሉ። የእኛም ዐሥራ አምስት ቀን እንዲሁ ያለ ግምት ነበር። ጥፋታችን መገመታችን ብቻ አይደለም፤ ሥራ ቆሞ አይጠብቅምና። ግምታችን ቢሳሳት የሚመለስበትን በር ሳንተው መፈረማችን ነው። ዝውውሩ ጊምቢ እስክታረጋግጥ ድረስ እንዳይጸና በአንድ መስመር ብንጽፍ ኖሮ ወይዘሮዋ ዕቃቸውን አይጭኑም ነበር።

ስለ ባንክም አሳባችን ተለውጧል። በየከተማው ባንክ ገብቶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው የለም፤ እኛም ይህን ቃል እንደ ስንፍና እንቆጥረው ነበር። ኤሪክ ብሩወር በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፥ ጊልበርትና ሊንችም በ2002 በሒሳብ እንዳረጋገጡት፥ መስመር ሲቆረጥ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ወይ መስመሩ እስኪቀጠል መልስ መከልከል፥ ወይ መልስ እየሰጡ ሁለት የሚጋጩ መልሶች እንዲወጡ መፍቀድ። ባንኩ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ደንበኛውን መመለስ መርጧል። ደንበኛው በእውነት ይንገላታል፤ በአንድ ወንበር ላይ ግን ሁለት ሰው አይቀመጥም።

ለዚያ ወጣት ባለፈው መስከረም ደብዳቤ ጻፍንለት። ስብሰባው የተመራበት ሐሳብ የእኛ እንደ ነበረ፥ ሐሳቡም ስሕተት እንደ ነበረ ገለጥንለት፤ ላምፖርትን አልጠቀስንም። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። ስለዚህ እንደ ዱሮው ወደ ጊምቢ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠነው፤ ሹፌሩም ሲመለስ ለአክስቱ እጅ በእጅ እንዳስረከበ ነገረን። ግልባጩን በቤታችን መሳቢያ አኑረነዋል። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።