መቆም ለከበደው ሰው የአዲስ አበባ መንገድ መሪ

አንባቢ ሆይ፤ ከለገሃር ተነሥተው በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንት ጊዜ እንደ ወጡ ቈጥረውት አያውቁ ይሆናል። ከባቡር ጣቢያው ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያልፋሉ፤ ብሔራዊ ቴአትርን፣ ዋናውን ፖስታ ቤትና የትግላችን ሐውልትን ግራና ቀኝ እያዩ ቴዎድሮስ አደባባይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ብሶ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ያስተነፍሳል። ለጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ ቀላል የእግር መንገድ ነው። ነገር ግን በዚሁ ጎዳና ላይ ሐውልቶቹን ሳይሆን መቀመጫዎቹን እየቈጠሩ የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ ያውቃሉን? ይህን የሚጽፍልዎም ሰው ከእነርሱ አንዱ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሕመም ዲስኦቶኖሚያ ይባላል። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ነገሩን ለማስረዳት አያስቸግርም። ልባችን የሚመታው፣ ላባችን የሚወጣው፣ የበላነው የሚፈጨው እኛ ሳናዝዘው ነው፤ ይህን ሁሉ ሌሊትና ቀን የሚያካሂድ የነርቭ ሥርዓት በውስጣችን አለ። ሕመሙም የዚህ ሥርዓት መታወክ ነው። ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። በጤነኛው ሰው ነርቮቹ ወዲያው የደም ሥሮችን አጥብበው ደሙን ወደ ላይ ይመልሱታል። በታማሚው ግን ትእዛዙ ይዘገያል ወይም ይዛባል፤ ስለዚህ ዐይኑ ይጨልማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አንዳንዱም ራሱን ስቶ ይወድቃል።

የሕመሙ ዓይነት ብዙ ነው። የስኳር ሕመም ለብዙ ጊዜ የቆየበት ሰው እነዚህ ነርቮች ሊጎዱበት ይችላሉ። በወጣቶች፣ ይልቁንም በሴቶች ላይ የሚበዛው ግን ፖትስ የተባለው ነው። በዚህኛው ታማሚው በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልቡ ምት በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ከ12 እስከ 19 ዓመት ለሆነው መለኪያው 40 ነው። የደም ግፊቱ ግን እምብዛም ዝቅ አይልም። ፖትስ የሚለው ስም የተለመደው ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢሆንም፣ ዳ ኮስታ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ይህን የሚመስል የልብ መቸኰል በእርስ በርሱ ጦርነት ወታደሮች ላይ አይቶ በ1871 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ አየሯም የሳሳ ስለ ሆነ ልብን ታሠራለች። እንግዲህ ለእኛ የሚከብደው ዳገቱ ነው ብለው ያስቡ ይሆናል። ዳገቱስ ይከብዳል፤ ነገር ግን ከዳገቱ ይልቅ የሚጥለን ሰልፉ ነው። ሰው ሲራመድ የባቱ ጡንቻ እንደ ፓምፕ ሆኖ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ይህ ፓምፕ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ላይ ቀስ እያለ የወጣው ሰው፣ ከላይ ደርሶ በታክሲ ሰልፍ ወይም በጉዳይ መስኮት ፊት 20 ደቂቃ ሲቆም ይወድቃል። ያየውም ሁሉ «ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው» ይላል።

ከሕመሙ የባሰው ይህ አለመታመን ነው። የማውቃት አንዲት ወጣት የጽሕፈት ሠራተኛ ልቧ ተመርምሮ ደኅና ነው ተባለች፤ ደሟም ደኅና ሆነ። ከዚያ በኋላ ቤተ ዘመዱ «የመንፈስ ነው» አላት፤ አለቃዋም ስንፍና ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። እንጀራዋን ልታጣ ተቃርባ ሳለ፣ አንድ ቀን በሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ እግሮቿን አጣምራ የቆመች ሌላ ሴት አየች። «አንቺም እንደ እኔ ነሽ እንዴ?» አለቻት። የእኛ ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአንድ ቡና ቤት መሰብሰብ የተጀመረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የምንማማረው ነገር ቀላል ነው። ሲቆሙ እግርን ማጣመርና ጭንን ማጥበቅ፤ ዐይን መጨለም ሲጀምር የጫማ ማሰሪያ እንደሚያስር ሰው ቁጢጥ ማለት፤ ከአልጋ ከመነሣት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ መጠጣት፤ እስከ ጭን የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲ ማድረግ፤ ብዙ እንጀራ በአንድ ጊዜ ከመብላት ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ መብላት። ጨው መጨመርም ይረዳል፤ ሆኖም የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትን ይጎዳዋልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞከርም። ጾም ሲገባም ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ስለሚያዳክም፣ ከመካከላችን የሚጾሙት አስቀድመው የነፍስ አባታቸውን ያማክራሉ።

የከተማውንም ነገር እንነጋገራለን። የፍልውኃ መታጠቢያ ደስ ያሰኛል፤ ግን ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ከገንዳው ድንገት አይነሡ፤ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ይቆዩ። ወደ አዳማ ለሥራ ሲወርዱም ፀሐይዋ እንደዚሁ ታደርጋለችና ውኃ ይያዙ። በቤተ ክርስቲያን ግን አባቶቻችን ለረጅም ቁመት መላ አበጅተዋል፤ መቋሚያ ተደግፎ የቆመን ሰው ማንም ሰነፍ አይለውም። ያችም የጽሕፈት ሠራተኛ ከጓደኞቿ በሰማችው መሠረት ተኝታና ቆማ የልብ ምቷን ቈጥራ ወደ ሐኪም ወሰደች፤ የሕመሙ ስም በወረቀት ተጽፎ ተሰጣት። አለቃዋም ወረቀቱን ካነበበ በኋላ በመስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀመጠላት። ሕመሙ አልጠፋም፤ ሥራዋ ግን አልጠፋባትም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንባቢ ሆይ፤ ሲቆሙ ልብዎ የሚጋልብ ከሆነ 10 ደቂቃ ተኝተው ምትዎን ይቍጠሩ፤ ከዚያ ቆመው እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ደጋግመው ይቍጠሩ፤ የሚደገፉት ሰው አጠገብዎ ይኑር፤ ቁጥሩን ጽፈው ለሐኪም ያሳዩ። ጤነኛም ከሆኑ፣ ነገ በሰልፍ ላይ ቁጢጥ ያለ ወጣት ቢያዩ ምን ሆነህ ነው ከማለትዎ በፊት ተራውን ይጠብቁለት፤ ወንበርም ካለ ያቅርቡለት።