መጻሕፍት የሚኖሩበት ቤተ መንግሥት

አንባቢዎች ሆይ፣ ጀርመን አገር ሄዳችሁ የሙኒክን ከተማ ለማየት ዕድል ያጋጠማችሁ እንደ ሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚያሳያችሁን አደባባይና የቢራ አዳራሽ ከጎበኛችሁ በኋላ ግማሽ ቀን አትርፉ። ወደ ምዕራብ በሚሄደው ባቡር ተሳፍራችሁ ኦበርመንዚንግ ከሚባለው ጣቢያ ውረዱና ጥቂት በእግራችሁ ተጓዙ። ቩርም የምትባል ትንሽ ወንዝ ታገኛላችሁ። ከዳርዋ ግድግዳው ነጭ፣ ጣራው ቀይ ሸክላ የሆነ፣ በማዕዘኑ ግንብ የቆመለት አሮጌ ቤተ መንግሥት ይታያችኋል። ስሙ ብሉተንቡርግ ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት የባቫርያ መሳፍንት ለአደን ሲወጡ የሚያርፉበት ቤት ነበር። በ1488 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) የተሠራው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በግቢው ውስጥ አለ፤ የጥንት ሥዕል ለሚወድ ሰው እሱ ብቻ የመንገዱን ድካም ይክሳል። እኔ ግን የሄድሁት መሳፍንቱን ፍለጋ አይደለም። ከ1983 ጀምሮ የቤቱ ባለቤቶች የሕፃናትና የወጣቶች መጻሕፍት ናቸው።

ቁጥራቸው ከ600,000 በላይ ነው፤ የተጻፉባቸውም ቋንቋዎች ከ200 ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ መጽሐፍ የት ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ብትመለከቱ አታገኙትም። የቆማችሁበትን መሬት ተመልከቱ። አብዛኛው ከግቢው ሥር በተቆፈረው ምድር ቤት ተደርድሯል።

ይህን ሥራ የጀመረችው ዬላ ሌፕማን የምትባል ሴት ናት። በ1891 በሽቱትጋርት ከተማ ተወለደች። በ1922 ባልዋ ሞተባትና በጋዜጠኝነት እየሠራች ሁለት ልጆችዋን አሳደገች። አይሁዳዊት ስለ ነበረች፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሥራዋን አጣች፤ በ1936ም አገርዋን ለቃ ተሰደደች፤ ኑሮዋም በእንግሊዝ አገር ሆነ። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 የአሜሪካ ጦር የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ አማካሪ አድርጎ ወደ ጀርመን ሊልካት ፈለገ። እስቲ ራሳችሁን በእስዋ ቦታ አድርጉት። ወገኖችዋን ወደ ፈጀ አገር ተመለሺ ነው የሚሉዋት። አመነታች። በመጨረሻ የሄደችው ለልጆቹ ስትል ነው።

ያገኘችውም ፍርስራሽ ነው። አባት ወይ ሞቷል፣ ወይ ተማርኳል። እናት ድንጋይ ስታነሣና ለዳቦ ስትሰለፍ ትውላለች፤ ልጆች በፈረሰው ቤት መካከል ይንከራተታሉ። ከእሳት ከተረፉትም የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ የናዚ ትምህርት የተነዛባቸው ነበሩ።

ሌፕማን መጽሐፍ ልትለምን ተነሣች። ለተራበ ልጅ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? እኔም ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ ይህንኑ ብያለሁ፤ ዛሬም ጥያቄው የሞኝ ነው አልልም። እስዋ ግን ዳቦ ይቅር አላለችም። ዳቦና ልብስ ለማደል የተመደቡ ሰዎች ነበሩ፤ ልጁ በልቶ ካደረ በኋላ በልቡ ምን ይዞ እንደሚነሣ የሚያስብ ግን አልታያትም።

ገንዘብ ስላልነበራት ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ትናንት ከጀርመን ጋር ሲዋጉ የነበሩ ናቸው። ቤልጅግ እምቢ አለች። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ በጀርመን ጦር ተወርራለችና ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን መልስ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። ሌፕማን ግን ነገሩን አልተወችውም፤ ዳግመኛ ጻፈች። ቤልጅጎችም ያማረ የመጻሕፍት ስብስብ ላኩላት።

በሐምሌ 1946 ከ14 አገሮች የመጡ 4,000 ያህል መጻሕፍት በሙኒክ ለሕዝብ ታዩ። የታዩበትም አዳራሽ ሂትለር የራሱን ሥነ ጥበብ እንዲያሳይበት አሠርቶ በ1937 የመረቀው ነው! ሕንጻው አሁንም በከተማው መካከል ቆሟል፤ ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩት።

ትርኢቱ ወደ በርሊን ሲሄድ ሌፕማን ልጆቹ ዐይተው ብቻ ባዶ እጃቸውን እንዲመለሱ አልወደደችም። ስለ ፌርዲናንድ፣ ከመዋጋት ይልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አበባ ማሽተት ስለሚወደው የስፔን ኮርማ፣ የተጻፈውን የአሜሪካ መጽሐፍ ራስዋ ወደ ጀርመንኛ መለሰችው። ደኅና ወረቀት ስላልተገኘ በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ ታተመና ታደለ። መስኮቱ በተሰበረ ቤት ውስጥ፣ የደከመች እናት ማታ ይህን ስታነብ፣ ልጅዋም አልዋጋም ባለው ኮርማ ሲስቅ ይታያችሁ። ከራብና ከሞት ሌላ የሚያወሩት አገኙ ማለት ነው።

በመስከረም 1949 ቤተ መጻሕፍቱ በከተማው ውስጥ በአንድ ቪላ ተከፈተ። ልጆች መጽሐፉን ከመደርደሪያው በእጃቸው ያነሡ ነበር፤ ያነበቡትንም ይከራከሩበት፣ ሥዕልም ይማሩ ነበር። ሌፕማን በ1970 ስለ ሞተች፣ መጻሕፍቱ ወደ ብሉተንቡርግ ሲዛወሩ አላየችም።

ሥራዋ ግን ከጀርመን ወጥቶ ወደ እኛም ጎረቤት ደርሷል። በእስዋ አሳብ በ1953 በዙሪክ የተቋቋመው የወጣቶች መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ በ2012 ላምፔዱሳ ለምትባለው የኢጣልያ ደሴት ፊደል የሌለባቸውን፣ በሥዕል ብቻ የሚተረኩ መጻሕፍት ማሰባሰብ ጀመረ። በዚያች ደሴት አጠገብ በ2013 አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች እንዳለቁ፣ ከእነርሱም የሚበዙት ኤርትራውያን እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። ፊደል የሌለበትን መጽሐፍ ግን ከባሕር የወጣች እናት ለልጅዋ በትግርኛም ሆነ በአማርኛ ልትተርክለት ትችላለች። ደሴቲቱም ራስዋ ለልጆችዋ ቤተ መጻሕፍት አልነበራትም፤ በ2017 የተከፈተው ለአገሬውም ለመጤውም ነው።

ወደ ብሉተንቡርግ ልመልሳችሁ። ከመውጣቴ በፊት በልዩ ልዩ ቋንቋ መጻሕፍት ወደሚያውሱበት ክፍል ገባሁ። አንድ ሰው ስድስት ዓመት የሚሆናትን ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በማላውቀው ቋንቋ ያነብላታል። እስዋ በጀርመንኛ ትጠይቀዋለች፤ እሱ በአገሩ ቋንቋ ይመልስላታል። በውጭ አገር ልጅ ያሳደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ የወላጁ አፍ የሚሆነው ልጁ ነው፤ አባት ከልጁ በታች የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይውላል። እዚህ ወንበር ላይ ግን አዋቂው አባትየው ነበር።

አንድ ጊዜ ሁለት ቅጠል አብሮ ገለጠ፤ ሳያውቅ ይሁን፣ ቶሎ ለመጨረስ ይሁን አልገባኝም። ልጅቱ እጁን ያዘችና ገጹን መለሰችው።